ዓሣ የምትጸየፈው አጥማጅ

ቺጉሳ ሳዋይ ዓሣ ትጸየፋለች። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል፤ ምክንያቱም በቢዋ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የሷን ያህል ባስ የሚባለውን ዓሣ ከውሃ ያወጣች ሴት የለችም፣ ከወንዶቹም ቢሆን የሚስተካከሏት ጥቂት ናቸው። እኔ ግን አልስቅም። የአባቷን ቤትና የኔን የጀልባ ማቆሚያ የሚለያቸው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አፍንጫዋን ይዛ ስትሮጥ እያየሁ ነው ያረጀሁት።

አባቷ ዮሺማትሱ እንደ አባቶቻቸው ፉና የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ በመረብ ይይዛሉ። ዓሣው በጨው ከከረመ በኋላ ከተቀቀለ ሩዝ ጋር በበርሜል ይነባበራል፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት እስኪኮመጥጥና አጥንቱ እስኪለሰልስ ይቆያል። ለኛ ያለ እሱ አዲስ ዓመት የለም። ለቺጉሳ ግን መቅሠፍት ነበር። በርሜሎቹ የሚቀመጡት እሷ ከምትተኛበት ክፍል ወለል ሥር ነው። በሙቀቱ ወራት ጠረኑ በሳንቃው ስንጥቅ እየወጣ ፍራሿ ውስጥ፣ የትምህርት ቤት ልብሷ ውስጥ፣ ፀጉሯ ውስጥ ይገባል። የክፍል ጓደኞቿ «በርሜል» ብለው ስም አወጡላት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ በኔ ቧንቧ ፀጉሯን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ስትፈትግ አገኘኋት። ምን ሆንሽ ብላት፣ ሳድግ ዓሣ የሌለበት አገር እሄዳለሁ አለችኝ።

አልሄደችም። ካደገች በኋላ የገባችው ከተማው ውስጥ ያለ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ዓሣ ሸሽተሽ ዓሣ ጉያ ገባሽ ብለን ስናሾፍባት፣ ሱቁኮ አይሸትም ትለን ነበር። እውነቷን ነው። አንድ ቀን ገብቼ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በዓሣ ማታለያ ተሞልቷል፤ ከላስቲክ የተሠሩ ትሎች፣ አረንጓዴ እንቁራሪቶች፣ ፌንጣዎች፣ ዓይናቸው ቀይ የሆነ ትናንሽ ዓሦች፣ ሁሉም በየከረጢታቸው ታሽገው እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃሉ። ደም የላቸው፣ አንጀት የላቸው። ባስ የሚያጠምዱት ሰዎች ደግሞ ትል ቆፍረው እጃቸውን አያቆሽሹም፤ የያዙትንም አይበሉም። ዓሣውን በታችኛው ከንፈሩ በሁለት ጣት ያነሡታል፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ አለቀ። ቺጉሳ ንጹሕ ዓለም ያገኘች መሰላት። «ጋሼ ሞሪዮ፣ ለካ ዓሣ ሳይነኩም ማጥመድ ይቻላል» አለችኝና ከኔ ጀልባ ተከራየች።

ጎበዝ ሆና ተገኘች። ጉብዝናዋ ደግሞ ሌላው ሁሉ በሚሳሳትበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነበር።

በሸምበቆው ዳርና በአኻያዎቹ ሥር ውሃችን ከጉልበት አያልፍም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ባስ ለማምለጥ የሰው ጥላ ይበቃዋል። ጀልባው ወለል ላይ አንድ መቀስ ከወደቀ አሸዋውን አቡንኖ ይጠፋል። ብዙዎቹ ወንዶች ሞተራቸውን እያስጮሁ ይመጡና፣ ከባድ ነገር ወርውረው ውሃውን አንቦጫርቀው፣ ዛሬ ዓሣ የለም ብለው ይመለሳሉ። ቺጉሳ ሞተሯን ሩቅ ታጠፋለች። ጫማዋን አውልቃ ጀልባዋን በቀርከሃ እየገፋች ትጠጋለች። ከዚያ ተንበርክካ፣ ምንም የማስመጫ እርሳስ ያልታሰረበትን የላስቲክ ትል በጎን በኩል ዝቅ አድርጋ ትወረውረዋለች፤ ትሉ ድምፅ ሳያሰማ ቅርንጫፉ ሥር ሾልኮ ይገባል። ከዚያ በኋላ ምንም አታደርግም። ሌላው ሰው ይጎትታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ትዕግሥቱ ያልቃል። እሷ ትሉ በራሱ ክብደት እየተወዛወዘ እስኪሰምጥ ክሩን ታላላና ዓይኗን ከክሩ ላይ አትነቅልም። ክሩ ዘንጉን ሳይነቀንቅ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ከሄደ ዓሣው አፉ አስገብቶታል ማለት ነው።

ፋኖስ የሚሉት ዘዴ ደግሞ አለ። ክሩን በአኻያ ቅርንጫፍ ላይ አሻግራ ትወረውርና የላስቲክ ፌንጣው ከቅርንጫፉ እንደ ፋኖስ ይንጠለጠላል፤ ውሃውን የሚነካው በእግሩ ብቻ ነው። ክሩ በአየር ላይ ስለሆነ ዓሣው የሚያየው ከዛፍ ወድቆ የሚንፈራገጥ ፌንጣ ነው። ከሥር ጥላ ይመጣና ይቆማል። ያኔ ቺጉሳ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ፌንጣውም አይንቀሳቀስም። ጥላው ፊቱን ሊያዞር ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ነካ ታደርገዋለች፤ ውሃው ይፈነዳል። ከጀርባዋ ተቀምጬ ባየሁ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ልቤ ይመታ ነበር።

ይህን ሁሉ ከሱቅ አልተማረችውም። በልጅነቷ አባቷ በግድ ጀልባ ላይ ጭነው ሲወስዷት፣ ፉና በጸደይ በየትኛው የሸምበቆ በር እንደሚገባ፣ ውሃው ከየት በኩል እንደሚሞቅ እያሳዩ አሳድገዋታል። ያን ዕውቀት ይዛ ነው ባስ ላይ የዘመተችው። ዮሺማትሱን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው።

ምክንያቱም ባስ የኛ ዓሣ አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ፣ አፉ እንደ ባልዲ የሚከፈት ሆዳም ነው። የሽማግሌው መረብ ውስጥ ከፉናው ይልቅ እሱ መብዛት ከጀመረ ቆይቷል። ሆዱን ሲከፍቱት የፉና ጫጩትና የሐይቁ ሽሪምፕ ይወጣል። ስለዚህ ነው ሕጋችን በዚህ ሐይቅ የተያዘ ባስ ተመልሶ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው። ዳር ዳሩ ላይ መጣያ ሣጥኖች ተቀምጠዋል፤ የያዝከውን እዚያ ትከታለህ። ሕጉ ይህ ነው። ሰዉ ግን ግራ ቀኙን አይቶ ዓሣውን ቀስ ብሎ ውሃ ውስጥ ይለቀዋል፤ ነገም ሊይዘው ይፈልጋላ። ቺጉሳም ትለቅ ነበር። ለሕጉ ደንታ ስለሌላት አልነበረም፤ ሣጥኑ ስለሚገማ ነው። በዚያ በኩል እንኳ አታልፍም ነበር።

አባትና ልጅ በዚህ ይነታረኩ ነበር፤ እኔ በአጥሩ እሰማለሁ። እሷ ቤቱ ይሸታል ትላለች፣ እሳቸው ሐይቁን ለሌባ እያስበላሽ ነው ይላሉ። አንድ ማታ ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሡ «የኔ ዓሣ ይሸታል፣ አልካድኩም። ያንቺው ግን የኔን ዓሣ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው» አሏት። በማግስቱ ዕቃዋን ሸክፋ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራየች።

በዚያው ሰሞን ሹንፔይ መጣ።

ሹንፔይ ከዋናው ከተማ የመጣ፣ አነስተኛ የማታለያ ፋብሪካ የከፈተ ሰው ነው። ጥርሱ ያምራል፣ ሰው ትከሻ ላይ እጁን ይጭናል፣ የሚናገረውን ሁሉ ለካሜራ እንደሚናገር ነው የሚናገረው። ቺጉሳ በፋኖስ ስታጠምድ በስልክ የተቀረጸ ነገር አይቶ ነው የመጣው። በስሟ የላስቲክ ትል ሠራላት፤ ሐምራዊ፣ ወርቃማ ብናኝ የተነሰነሰበት። ዓሣው ቶሎ እንዳይተፋው ደግሞ በጨውና በነጭ ሽንኩርት ሽታ በተነከረ ዘይት አሸው። ከረጢቱን ስትከፍት ጠረኑ ዓይን ያስለቅሳል። ቺጉሳ ፊቷን አዙራ በወረንጦ ነበር የምታወጣው። ቢሆንም ስሟ ከረጢቱ ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ያ «በርሜል» የሚለው ስም የተፋቀላት መሰላት። ደንበኞች ከኦሳካና ከኪዮቶ እየመጡ እሷ በመራቻቸው ቦታ ያጠምዱ ጀመር። ካሜራ ሲኖር ጀልባ የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን የማወራው በዓይኔ አይቼው ነው።

በጸደይ ወንዱ ባስ ጥልቀት የሌለው ጠጠራማ ቦታ መርጦ በጭራው ይጠርጋል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ ይቀራል። እየከሳም ቢሆን ከእንቁላሉ አይርቅም። መዳፍ የማያህሉ ብሉጊል የሚባሉ ዓሦች፣ እነሱም የባሕር ማዶ መጤዎች፣ ዙሪያውን ከበው እስኪዘነጋ ይጠብቃሉ። ሹንፔይ ይህን እንቅረጽ አለ። በጠራ ውሃ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ማጥመድ፤ ሰው ይወደዋል አለ።

ውሃው የዚያን ጠዋት መስታወት ነበር። ቺጉሳ ትሉን ጎጆው መሃል ጣለችው። ወንዱ መጣ፣ አየው፣ በከንፈሩ ጫፍ አንሥቶ ከጎጆው አወጣና ተፋው። ደግማ ጣለችው። ደግሞ አወጣው። ደጃፏ ላይ ቆሻሻ የተጣለባት ሴት እንዴት ታነሣለች፣ እንደዚያ ነበር የሚያነሣው። ሹንፔይ ከካሜራው ጀርባ በሳቅ ተንፈራፈረ።

«የቤት ሠራተኛ አደረግሽው እኮ» አላት።

«አልራበውም» አለች ቺጉሳ።

«ይራበው ማን አለ? አፉ ይግባ እንጂ።»

«እያጸዳ ነው ሹንፔይ።»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ሲያጸዳ ሳቢዋ።»

ሳበችው። ዓሣው ክስት ያለ ነበር፤ ጭራው ጠጠር ሲጠርግ ተላልጦ ደም ቋጥሯል። ሹንፔይ ከፍ አድርጊው፣ ፈገግ በይ፣ ትሉን ወደ ካሜራ አዙሪው እያለ ሲያዝዛት እኔ ጎጆውን አይ ነበር። ብሉጊሎቹ የተደፋ ሩዝ ላይ እንደሚወርዱ ወፎች ወረዱበት። ቀረጻው ሲያልቅ ዓሣውን ለቀቁት። ቀጥ ብሎ ወደ ጎጆው ተመለሰ። ባዶ ጠጠር ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ቆመ። የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

ስንመለስ ቺጉሳ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ እጇን በሳሙና ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ ደግሞ ታጥባለች። አባቴ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል፣ አንድ ጎጆ ባስ ተቀነሰላቸው አለች። እጇን እያደረቀች ግን «እኔ ምን እያደረግሁ ነው ጋሼ ሞሪዮ? አልበላሁት፣ አልገደልኩት፣ አልተውኩት» አለችኝ። ያ ቀረጻ ብዙ ሰው አየው፤ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረውበት ነበር።

በሙቀቱ መግቢያ ላይ ሹንፔይ በኔ ማቆሚያ ውድድር አዘጋጀ። የተያዘው ከመመዘኑ በፊት በየጀልባው ገንዳ ውስጥ የሞቱ ዓሦች ነበሩ፤ ሙቀቱ ገድሏቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ተንሳፈፉ። ዮሺማትሱ በአጥሩ በኩል መጡ፤ ቢላዋ ይዘው። እሳቸው ባስ ቢጠሉም ሥጋ መጣሉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያበሳጫቸዋል። ቆዳው ከተገፈፈ ሽታው ይሄዳል፣ ሲጠበስም አይከፋም እያሉ አንዱን ትልቅ ዓሣ ሳንቃ ላይ አጋደሙት። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ገላው ግን እንደ ጅራፍ የቀጠነ ነበር። ሆዱ ብቻ ተወጥሯል።

ሲሰነጥቁት የወጣው ፉና አልነበረም። የላስቲክ ትሎች ነበሩ። የዓሣው ሆድ ውስጥ አብጠው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ በቢጫ ዝቃጭ ተለውሰው እንደ አንድ ትልቅ አንጀት ተንከባለሉ። ቀለማቸው ለቋል። ግን መሃላቸው ላይ ሐምራዊ የነበረ፣ ወርቃማ ብናኙ ገና የሚያብለጨልጭ ነበር፤ አንድ ብቻም አይደል። የነጭ ሽንኩርቱ ጠረን አሁንም አለ፤ ከሐሞትና ከበሰበሰ ሥጋ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣብን። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሽማግሌው በቢላዋቸው ጫፍ አንዱን ከክምሩ ለዩት። በቁጣ አይደለም፤ ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚያሳይ ሰው «ይሄ ያንቺው ነው አይደል?» አሏት።

ቺጉሳ እስከ ማቆሚያው ጫፍ ድረስ ሄደች። ሐይቁ ላይ ጎንበስ ብላ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣች። ሹንፔይ ካሜራ ያዡን ዘወር በል አለውና ክምሩን በጫማው ጠርጎ ውሃ ውስጥ ጣለው። «ሆድ ዕቃ ማን ያያል ብለው ነው የሚከፍቱት፣ ሽማግሌው?» አለ፣ እየሳቀ። ከዚያ ሚዛኑ ቀጠለ። ዋንጫውን ቺጉሳ ወሰደች። ፎቶው ላይ ፊቷ ሰም ይመስላል።

ያን ቀን ትተዋለች ብዬ ነበር፣ አልተወችም። እንዴት ቻልሽ ብላት፣ ሌላ ምን አውቃለሁ አለችኝ። ግን ተለወጠች። ደንበኛ ዓሣ ይዞ ሲጨፍር ዓይኗን ትከድናለች። ለሰላምታ እጅ ሲሰጣት ጓንቷን አታወልቅም። ሱቅ ገብታ ያ የከረሜላ ግድግዳ ፊት ስትቆም፣ አሁን የምታየው ቀለሙን ሳይሆን የሚገባበትን ሆድ እንደሆነ ነገረችኝ። በአባቷ ቤት በርሜሎች ስትማረር ያደገች ልጅ፣ ያ ግማት ቢያንስ ምግብ ነበር ስትል ሰማኋት።

ከዚያ የጭነት መኪናው መጣ። የበዓል ሰሞን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ቢሮዬ ውስጥ ቀዝቃዛ ኑድል እየበላሁ ሳለ ሹንፔይ መኪናውን በጀርባ አስጠግቶ አቆመ። ከኋላው በሸራ የተሸፈነ ገንዳ ጭኗል፤ አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተር ያጉረመርማል። ባስ በሕይወቱ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ በመላ አገሪቱ የተከለከለ ነው፤ እስር አለበት። ሹንፔይ ይህን ከኔ የበለጠ ያውቀዋል። ቺጉሳን ጠርቶ ሊያዋያት የመጣው ተራራው ላይ ስላለ አንድ ኩሬ ነበር። ገበሬዎቹ ሩዛቸውን የሚያጠጡበት ውሃ ነው። ዳሩ አኻያ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ባስ ገብቶበት አያውቅም።

እዚህ ያሉት ዓሦች ማታለያ ለምደው ብልጥ ሆነዋል አላት። እዚያ ግን የጫናቸው ባሶች የት ቢለቀቁ እንደሚባዙ እሷ መርጣ ብታሳየው፣ ጥቂት ዓመት ጠብቀው የራሳቸው ውሃ ይኖራቸዋል። ማንም አያውቅም።

«ውስጡ ያሉትስ?» አለችው።

«እነማን?»

«አሁን እዚያ የሚኖሩት።»

«እነዚያ ትናንሾቹ?» አለና ሳቀ። «ምግባቸው ናቸዋ።»

ቺጉሳ መኪናው ላይ ወጣች። ሹንፔይ ዓሦቹን ልታይለት መስሎት ሸራውን ራሱ ገለጠላት። የወጣው ሽታ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ውሃው አረፋ ሞልቶታል፤ ዓሦቹ ከመታፈናቸው የተነሣ የበሉትን ተፍተዋል፣ ተጸዳድተዋል፣ ልጋጋቸው እንደ አክታ ይንሳፈፋል። ያቺ ዓሣ በሁለት ጣት እንጂ የማትነካ ሴት እጅጌዋን ሳትሰበስብ እጇን እስከ ትከሻዋ ከተተችው። አንድ ባስ አወጣች። ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደችና ወደ መጣያው ሣጥን ሄደች።

የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በበዓሉ ምክንያት ሣጥኑን ሳይደፋ ከርሟል። ክዳኑን ስታነሣ ዝንቡ እንደ ጭስ ወጣ። ውስጡ የነበሩት ዓሦች ዓሣነታቸው ቀርቶ ሾርባ ሆነዋል፤ ላዩ በተቀቀለ ሩዝ የተሸፈነ ይመስላል፣ ሩዙ ግን ይንቀሳቀሳል። ቋቅ አላት፤ ዓሣውን ግን አልጣለችም። ወደ ውስጥ ለቀቀችው፣ ተመለሰች፣ ሌላ አወጣች። እኔም ፎጣዬን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ሄድኩና ክዳኑን ያዝኩላት።

ሹንፔይ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ እጅጌዋን ያዘ፤ ልጋጉ አንሸራተተው። መዳፉን እያየ ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አብደሻል? ነገ ስምሽን ከየከረጢቱ አስፍቀዋለሁ» አላት።

«ፋቀው» አለችው፣ ዓሣ እንዳቀፈች። «ሆዳቸው ውስጥ ካለው ግን አትፍቀውም።»

ገንዳው ባዶ እስኪሆን አልቆመችም። ሸሚዟ ከአንገቷ እስከ ወገቧ በልጋግና በቅርፊት ተለብጦ፣ ክንዷ በዓሦቹ ጥርስ ተፋቅፍቆ ነበር። ሹንፔይ ፖሊስ ልጠራ አላለም፤ ምን ብሎ ይጠራል። ባዶውን ገንዳ ይዞ ሄደ። ቺጉሳ በኔ ቧንቧ ሥር ልብሷን እንደለበሰች ቁጭ አለችና ውሃውን ለቀቀችው። ብዙ ቆየች። ሳሙና አመጣሁላት፤ ሚስቴ ልብስ አመጣችላት።

ሹንፔይ ለሕግ የማይነግረውን ለሕዝብ ነገረ። የመኪናውን ነገር ደበቀና፣ ቺጉሳ ደህና ደህና ዓሦችን በግፍ ሣጥን ውስጥ እየወረወረች ገደለች ብሎ አወራ። ነፍሰ ገዳይ አሏት። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ትሏም ከየሱቁ ወረደ። እኔ በበኩሌ ስለ መኪናው ለሚመለከታቸው ተናገርኩ፤ ሰዎች መጥተው ጠየቁ፣ ጻፉ። ሹንፔይ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ዘግቶ ከዚህ ለቀቀ። የት እንዳለ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

አንድ ጠዋት ጀልባዋ መቀመጫ ላይ የበሰበሰ ዓሣ የሞላ ከረጢት ተቀድዶ ተዘርግፎ አገኘች። ፀሐይ ቀቅሎታል፤ ፈሳሹ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል። ያደረጉት ሰዎች በደጉ ጊዜ ከሷ ጋር ፎቶ የተነሡ ናቸው። ብቻዋን አፏን ሸፍና ትፍቅ ጀመር። ዮሺማትሱ ባልዲ ይዘው በአጥሩ መጡ፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገሩም ነበር። አጠገቧ ተንበርክከው ይፍቁ ጀመር፣ ትንሽ ቆይተው ቀና አሉና «ይሄስ ከኔ በርሜል ይብሳል» አሉ። ቺጉሳ ሳቀች። አፍንጫዋን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስፖንጁን ግን ማዳን አልተቻለም፣ አውጥተን አቃጠልነው። ማታ አባቷ ቤት አደረች፤ በዚያው ቀረች።

አሁን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጀልባ ላይ ነው የምትሠራው። በጸደይ ባሶቹ ለመራባት ወደ ዳር ሲወጡ ጀልባው በጉልበት ልክ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ዓሣው ሁሉ ደንዝዞ ነጭ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ፉናው ጥቂት ቆይቶ ይነቃና ይሄዳል። ባሱ በመረብ ይጨለፋል። ማኅበሩ ከሷ በፊት ሞተሩን እያስጮኸ ይገባና ባዶውን ይወጣ ነበር፤ እሷ መጥታ ወንዶቹን ጫማ አስወለቀቻቸው፣ በቀርከሃ አስገፋቻቸው፣ በየትኛው አኻያ ሥር ማን እንዳለ አሳየቻቸው። የሚወጣው ክምር ማዳበሪያ ይሆናል። ክምሩ ላይ ቆማ ስትሠራ ሚንት ያለው ቅባት ከአፍንጫዋ ሥር ትቀባለች፣ ጓንቷ እስከ ብብቷ ይደርሳል፣ ፊቷ ሁልጊዜ የተኮሳተረ ነው። ወንዶቹ ምሳ ሲበሉ እሷ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ለብቻዋ ተቀምጣ የሩዝ ድብልብሏን ትበላለች።

አንድ ቀን የጥንት ደንበኛዋ ከዳር ቆሞ አያት። በስሟ የተሠራ ኮፍያ አድርጓል። «ቺጉሳ፣ አታፍሪም?» ብሎ ጮኸ።

«አፍራለሁ» አለችው ከመረቡ ቀና ሳትል። «አንተስ?»

አንዲት ጋዜጠኛም መጥታ ነበር። ወደ ሐይቋ ስለተመለሰች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ለመጻፍ ነው የመጣችው፤ ሐይቁን ምን ያህል ትወጂዋለሽ አለቻት። ቺጉሳ ሐይቁ ይገማል አለች። ማጥመዱም ያስጠላኛል፣ መግደሉም ያስጠላኛል፣ ይሄኛው ግን ሲመሽ ያስተኛኛል አለች። ጋዜጣው ላይ አልወጣም።

ዘንድሮ የሽማግሌው መረብ ከወትሮው ሻል ያለ ፉና ይዟል። ለብዙ ዘመን ያላየሁት ነው፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ዝናቡም ጥሩ ነበር። ዮሺማትሱ ወገባቸው ስለማይታዘዝ ሣጥኑን ከጀልባ የምታወርደው ቺጉሳ ናት። ክንዷን እስከ መጨረሻ ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ ትንፋሿን ይዛ ትሮጣለች። አባቷ ከኋላዋ እየተከተሉ «የሕፃን ሽንት ጨርቅ አስመሰልሽው እኮ፣ በደንብ ያዥው» ይሏታል። እሷ መልስ አትሰጥም፤ አፏን ብትከፍት ሽታው ይገባል። ሣጥኑን በርሜሉ አጠገብ ታስቀምጥና በአጥሩ ዘልላ ወደኔ ቧንቧ ትመጣለች።